የተወጋው ሲረሳ፦ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቾች የአንጎል ጉዳት ካሳ ታሪክ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ለብዙ በደል ይሠራል። የተወጋውም የሚረሳበት አንድ ጉዳት ግን አለ፤ እሱም የአንጎል ጉዳት ነው።

እጁ የተሰበረ ሰው የት፣ መቼና በማን እንደተሰበረ ለዳኛ ያስረዳል፤ ራጁንም አውጥቶ ያሳያል። አንጎሉ የተጎዳ ሰው ግን ቀኑን ይረሳል፣ ሰነዱን ይጥላል፣ ቀጠሮውን ያሳልፋል፣ ከጠበቃው ጋር ይጣላል፣ ልትመሰክርለት የምትችለውን ሚስቱን ሳይቀር ከቤት ያስመርራል። ጉዳቱ ራሱ የካሳ ጥያቄውን ይበላበታል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ክርክር ወሳኙ ጥያቄ «ሰውየው ተጎድቷል ወይ?» የሚለው ብቻ አይደለም። «ጉዳቱን የሚለካው ማን ነው? በየትኛው ሚዛን?» የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

ይህ ጥያቄ ጎልቶ ከታየባቸው የዘመናችን ክርክሮች አንዱ ጡረታ የወጡ ተጫዋቾች ከአሜሪካው የእግር ኳስ ሊግ ከኤንኤፍኤል ጋር ያደረጉት ነው። ጉዳዩ ከ20 ሺህ በላይ የቀድሞ ተጫዋቾችን የሚመለከት ሲሆን እስካሁን ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሳ አስከፍሏል። ሚዛኑ በማን እጅ እንደነበረ ለማየት ታሪኩን ከመጀመሪያው መከተል ያስፈልጋል። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. ከቦክስ መድረክ እስከ ኳስ ሜዳ

ጭንቅላት ላይ የሚደጋገም ምት አንጎልን እንደሚጎዳ መታወቅ የጀመረው ትናንት አይደለም። በ1928 የኒው ጀርሲው የአስከሬን ምርመራ ሐኪም ሃሪሰን ማርትላንድ በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ስለ ቦክሰኞች ጻፉ። ሳይጠጡ እንደ ሰካራም የሚንገዳገዱ፣ አንደበታቸው የሚተሳሰር፣ አሳባቸው የሚጎተት ቦክሰኞችን የስፖርቱ ተመልካቾች ድሮም ያውቋቸው ነበር። ማርትላንድ ያደረጉት ሰው ሁሉ የሚያወራውን ነገር ወደ ሕክምና ሰነድ ማስገባት ነው።

የአሜሪካ እግር ኳስ እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ የተለየ ነው። ኳሱ በእጅ ይያዛል፤ ግዙፍ ሰዎች ሄልሜትና የትከሻ መከላከያ አድርገው በሙሉ ኃይላቸው ይላተማሉ። ሄልሜት የራስ ቅል እንዳይሰበር ይረዳል። በራስ ቅሉ ውስጥ ያለው አንጎል እንዳይናወጥ ማድረግ ግን አይችልም። አደጋው ደግሞ ተጫዋቹን አስቶ በሚጥለው በትልቁ ምት ብቻ አይመጣም። በየልምምዱና በየጨዋታው ለዓመታት የሚደጋገመው ትንሹ ምትም ተጠራቅሞ ያመጣዋል።

ጥያቄው እየገፋ ሲመጣ ሊጉ በ1994 ስለ አንጎል መናወጥ የሚያጠና የራሱን ኮሚቴ አቋቋመ። ሊቀ መንበር ሆነው የተሾሙት ዶክተር ኤሊየት ፔልማን የአንድ ክለብ ሐኪም ሲሆኑ፣ ሙያቸው የመገጣጠሚያና የሪህ ሕክምና እንጂ የአንጎል አልነበረም። ኮሚቴው ከ2003 ጀምሮ «ኒውሮሰርጀሪ» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ተከታታይ ጥናቶች አወጣ። የጥናቶቹ ጠቅላላ መንፈስ የሚያረጋጋ ነበር፤ በተጫዋቾቹ ላይ ዘላቂ የአንጎል ጉዳት መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ አላየንም የሚል። የመጀመሪያው ሚዛን እንግዲህ የተቀመጠው ሊከሰስ በሚችለው ወገን ቤት ውስጥ ነው።

2. የማይክ ዌብስተር ፋይል

ማይክ ዌብስተር ከ1974 እስከ 1990 ለ17 የውድድር ዘመን ተጫውቷል። ብዙውን ጊዜ ያሳለፈው በፒትስበርግ ስቲለርስ ሲሆን አራት ጊዜ ሱፐር ቦውል አንሥቷል። የቦታው ስም «ሴንተር» ይባላል፤ ኳሱን ወደ ኋላ አቀብሎ በዚያው ቅጽበት ፊት ለፊቱ ካለው ተከላካይ ጋር የሚላተም ተጫዋች ነው። ላስታዋሽ፣ ይህ በየጨዋታው በደርዘን የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል።

ከሜዳ ከወጣ በኋላ ዌብስተር ሌላ ሰው ሆነ። ገንዘቡ አለቀ፤ ትዳሩ ፈረሰ፤ የጀመረውን ሥራ መጨረስ አቃተው፤ አንዳንድ ሌሊት መኪናው ውስጥ ያድር ነበር። በ1997 ስሙ በስፖርቱ የክብር መዝገብ ሲሰፍር ሰውየው በራሱ መቆም የማይችልበት ደረጃ ደርሶ ነበር።

ጉዳዩን የያዙት የዌስት ቨርጂንያው ጠበቃ ቦብ ፊትዝሲመንስ ናቸው። ጠበቃው በቀጥታ ሊጉን ከመክሰስ ይልቅ ለተጫዋቾች የጡረታና የአካል ጉዳት ፈንድ አመለከቱ። የፈንዱን ቦርድ እኩል የሚመሩት የክለብ ባለቤቶችና የተጫዋቾች ማኅበር ተወካዮች ናቸው። የሐኪሞች ሪፖርት ተሰበሰበ፤ ቦርዱ ራሱ የመረጠው የነርቭ ሐኪምም ከሌሎቹ ጋር ተስማማ። በ1999 ቦርዱ ዌብስተር ሙሉ በሙሉና በቋሚነት ከሥራ ውጭ እንደሆነ፣ ምክንያቱም በእግር ኳስ የደረሰበት የአንጎል ጉዳት እንደሆነ ተቀበለ። የሊጉ ኮሚቴ ዘላቂ ጉዳት አላየሁም የሚል ጥናት ማውጣት ከመጀመሩ ከአራት ዓመት በፊት፣ የሊጉ ክለቦች በሚሳተፉበት ቦርድ ጉዳቱ በጽሑፍ ታምኖ ነበር ማለት ነው።

ክርክሩ ግን በዚህ አላበቃም። ቦርዱ የዌብስተር አቅም ማጣት የጀመረው ሜዳውን በለቀቀበት ጊዜ ሳይሆን ከዓመታት በኋላ በ1996 ነው ብሎ ወሰነ። ይህ የቀን ልዩነት ቀላል አይምሰል። ከፍተኛው ክፍያ የተመደበው በተጫዋችነት ዘመኑ ወይም ወዲያው ተከትሎ አቅም ላጣ ሰው ነው፤ ቀስ በቀስ የከፋበት ሰው የሚያገኘው ዝቅተኛውን ነው። ታዲያ የአንጎል ጉዳት ቀስ በቀስ የሚከፋ በሽታ አይደለምን? አንድ ሰው ከአቅም በታች የሆነበትን ቀን በካሌንደር ላይ አክብቦ የሚያስቀምጠውስ ማን ነው?

ዌብስተር መስከረም 2002 በ50 ዓመቱ ሞተ። ቤተሰቡ ክሱን ቀጠለ። በ2005 የፌደራል ፍርድ ቤት ለቤተሰቡ ፈረደ፤ በ2006 መጨረሻ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸና። ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፈለ። ባለጉዳዩ ግን ከሞተ አራት ዓመት አልፎታል።

3. ከናይጄሪያ የመጣው ሐኪም

የዌብስተርን አስከሬን የመረመሩት ቤኔት ኦማሉ ናቸው። በ1968 በቢያፍራ ጦርነት መካከል የተወለዱ፣ ሕክምናን በናይጄሪያ ዩኒቨርሲቲ ያጠኑ፣ በፒትስበርግ የአስከሬን ምርመራ ቢሮ የሚሠሩ ወጣት ሐኪም ነበሩ። ስለ አሜሪካ እግር ኳስ ብዙም አያውቁም ነበር፤ ምናልባትም የጠቀማቸው ይህ ነው።

አንጎሉ በዓይን ሲታይ ጤናማ ይመስል ነበር። ኦማሉ በዚህ አላበቁም። በስሱ አስቆርጠውና በቀለም አስነክረው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት «ታው» የሚባል ፕሮቲን በማይገባው ቦታ ተከማችቶ አገኙ። ተጨማሪ ምርመራውን ያስደረጉት ከኪሳቸው እያወጡ ነው። ግኝታቸው በ2005 በዚያው የሊጉ ኮሚቴ ጥናቶቹን ባወጣበት መጽሔት ታተመ። በሽታው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ሲቲኢ ይባላል፤ በተደጋጋሚ ምት የሚመጣና እየቆየ አንጎልን የሚበላ በሽታ ነው።

የሊጉ ኮሚቴ አባላት ጽሑፉ ከመጽሔቱ እንዲሰረዝ ጠየቁ። መጽሔቱ አልሰረዘውም። በ2006 ኦማሉ ሁለተኛውን ተጫዋች አስከተሉ፤ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ተጨማሪ አንጎሎች እያጠኑ መጡ። በ2009 ጉዳዩ የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀረበ፤ አንዲት የምክር ቤት አባል የሊጉን አያያዝ ከትምባሆ ኩባንያዎች የቀድሞ ክህደት ጋር አመሳሰሉት።

እዚህ ላይ ለካሳ ሕግ ትልቅ እንቅፋት የሆነውን ነገር ልብ ይሏል፤ ሲቲኢ በእርግጠኝነት የሚረጋገጠው ከሞት በኋላ በአንጎል ምርመራ ብቻ ነው። በሕይወት ያለ ከሳሽ ዋናውን ማስረጃ ሊያቀርብ አይችልም፤ ማስረጃው ሲገኝ ከሳሹ የለም።

የዴቭ ዱርሰን ታሪክ ይህን በመራራ መንገድ ያሳያል። ዱርሰን የቀድሞ ተጫዋች ሲሆን፣ በኋላ የዌብስተርን ዓይነት ማመልከቻዎች በሚወስነው ቦርድ ውስጥ ተቀምጦ የሌሎችን ጉዳት ይመዝን ነበር። በ2011 ራሱን አጠፋ፤ አንጎሉ ለምርመራ እንዲሰጥ በጽሑፍ ተናዝዞ ነበር። ተመርምሮም በሽታው ተገኘበት። መዛኙ ራሱ ሲመዘን ውጤቱ ይህ ሆነ።

4. ክሱና ስምምነቱ

በ2011 ክረምት የመጀመሪያዎቹ ክሶች በሎስ አንጀለስና በፊላደልፊያ ተከፈቱ። በ2012 መጀመሪያ በየቦታው የቀረቡት መዝገቦች ተጠቃለው በፊላደልፊያ ለፌደራል ዳኛ አኒታ ብሮዲ ተመሩ። ከሳሾቹ ከ4,500 በላይ ደረሱ። የክሳቸው ፍሬ ነገር ስፖርቱ አደገኛ መሆኑን አናውቅም ነበር የሚል አልነበረም። ጉልበት እንደሚሰበር ሁሉም ያውቃል። እነሱ ያሉት፣ ሊጉ ስለ አንጎል ጉዳት የተሻለ እውቀት ነበረው፣ አጠናለሁ ብሎም ኃላፊነት ወስዷል፣ ከዚያ በኋላ ግን አሳስቶናል ነው።

የሊጉ መከላከያ ሁለት ምሰሶ ነበረው። አንደኛው፣ ተጫዋቾቹ በማኅበራቸው በኩል የፈረሙት የኅብረት ስምምነት ስላለ ጉዳዩ የግልግል ዳኝነት እንጂ የፍርድ ቤት አይደለም የሚል ነው። ዳኛዋ ይህን ክርክር ቢቀበሉ ኖሮ አብዛኛው ክስ ከመነሻው ይዘጋ ነበር። ሁለተኛው የምክንያትና ውጤት ጥያቄ ነው። ሰውየው በልጅነቱ በትምህርት ቤት፣ ከዚያም በኮሌጅ ተጫውቷል፤ ጉዳቱ በሊጉ ዘመን መድረሱ በምን ይታወቃል? ለተጎጂ ወገን ይህን ሰው በሰው ማስረዳት ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው። ኤኤልኤስ የተባለው የነርቭ በሽታ ይዞት ለነበረው ለዋናው የቡድኑ ተወካይ ለኬቪን ተርነር ደግሞ ዓመታት የሚባል ነገር አልነበረውም። ተርነር በ2016 ሞተ።

ነሐሴ 2013 ሁለቱ ወገኖች በ765 ሚሊዮን ዶላር መስማማታቸውን አስታወቁ። ሊጉ ጥፋተኛነቱን አላመነም፤ የውስጥ ሰነዶቹም በፍርድ ቤት ሳይገለጡ ቀሩ። ጥር 2014 ግን ዳኛ ብሮዲ ገንዘቡ ለሁሉም ላይበቃ ይችላል ብለው ቅድመ ፈቃድ ከለከሉ። በዚህ ግፊት ጣሪያው ተነሣ፤ ሊጉ ለ65 ዓመት ብቁ የሆነ ተጎጂ በመጣ ቁጥር እንዲከፍል ተስማማ። በድርድሩ ሂደት ለፍርድ ቤት የቀረበው የሊጉ የራሱ የባለሙያ ስሌት ከአሥር ጡረተኛ ተጫዋቾች ሦስት ያህሉ ካሳ የሚያስገኝ የአንጎል በሽታ ሊይዛቸው እንደሚችል ያሳይ ነበር። ሚያዝያ 2015 ስምምነቱ ጸደቀ፤ በ2016 በይግባኝ ጸና።

የክፍያ ሰንጠረዡ ብዙ ይናገራል። ለኤኤልኤስ እስከ 5 ሚሊዮን፣ ለፓርኪንሰንና ለአልዛይመር እስከ 3.5 ሚሊዮን፣ ለከፋ የመርሳት በሽታ እስከ 3 ሚሊዮን፣ ለመካከለኛው እስከ 1.5 ሚሊዮን ዶላር። ዕድሜ ከፍ ባለ ቁጥር ካሳው ይቀንሳል፤ ከአምስት የውድድር ዘመን በታች የተጫወተም ይቀነስበታል። በሲቲኢ ለሞተ ሰው ቤተሰብ እስከ 4 ሚሊዮን ተመደበ፤ ነገር ግን ሟቹ ስምምነቱ ከጸደቀበት ዕለት በፊት የሞተ መሆን አለበት። ከዚያ ቀን በኋላ የሞተ፣ ያው በሽታ በአንጎሉ ቢገኝበትም፣ በበሽታው ስም ካሳ የለውም። ለዌብስተር ቤተሰብ ፈተና የነበረው የቀን ጉዳይ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ።

የቤተሰቡ ድርሻም አለ። ያጠበች፣ ያበላች፣ በየሐኪሙ ያመላለሰች ሚስት የተመደበላት የተጫዋቹ ካሳ 1 በመቶ ሲሆን፣ እሱም ከባሏ ካሳ ተቀንሶ የሚሰጥ ነው። የጠበቆች ድርሻ በጣም እየበዛ ሲመጣ ዳኛ ብሮዲ በ2018 ከግለሰብ ተጫዋች ጋር የተዋዋሉ ጠበቆች ክፍያ ከ22 በመቶ እንዳይበልጥ ገደቡት።

5. በቀለም የተሰላ አእምሮ

የታሪኩ ከባዱ ምዕራፍ የመጣው ገንዘቡ መከፈል ከጀመረ በኋላ ነው። የመርሳት በሽታ ካሳ የሚወሰነው በፈተና ነው፤ ተጫዋቹ ቃላት ያስታውሳል፣ ቅርጽ ያዛምዳል፣ ቁጥር ይቆጥራል። ያገኘው ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ «እንደ እሱ ያለ ሰው ጤነኛ ቢሆን ስንት ያመጣል?» ከሚል መነሻ ጋር ይነጻጸራል። መነሻው በዕድሜና በትምህርት ይለያያል። ይህ ያስማማል። ነገር ግን ሐኪሞች እንዲጠቀሙበት በተመከረው ስሌት መነሻው በዘርም ይለያይ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥቁር ተጫዋች ጤነኛ በነበረበት ጊዜም ውጤቱ ከነጩ ዝቅ ያለ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ፈተና አንድ ዓይነት ዝቅተኛ ውጤት ቢያመጡ፣ ነጩ ብዙ እንደወረደ ይቆጠርና ካሳ ያገኛል፤ ጥቁሩ ግን ከመነሻው ብዙም አልወረደም ተብሎ ይመለሳል። ከጡረተኞቹ ከግማሽ በላይ ጥቁሮች በሆኑበት ሊግ ይህ ስሌት ማንን እንደሚጎዳ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

በነሐሴ 2020 ኬቪን ሄንሪና ናጄ ዳቬንፖርት የተባሉ ሁለት ጥቁር ተጫዋቾች ይህን በመቃወም ክስ አቀረቡ። ዳቬንፖርት መጀመሪያ ካሳ ተፈቅዶለት ነበር፤ ሊጉ የዘር ማስተካከያው ለምን አልተደረገም ብሎ ይግባኝ አለበት። ዳኛዋ በመጋቢት 2021 ክሱን ቢዘጉም ጉዳዩ በሽምግልና እንዲፈታ አዘዙ። የተጫዋቾች ቤተሰቦች 50 ሺህ ያህል ፊርማ ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ። በሰኔ 2021 ሊጉ አሠራሩን እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በመጋቢት 2022 ማሻሻያው ጸደቀ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፈተናዎች እንደገና ተሰሉ። ቀድሞ «ጤነኛ ነህ» የተባሉ ሰዎች ካሳ የሚገባቸው ሆነው ተገኙ። የሰዎቹ አንጎል ያው የቀድሞው ነው፤ የተለወጠው ሚዛኑ ብቻ ነው።

ያም ሆኖ ክርክሩ አላበቃም። ዋሽንግተን ፖስት በ2024 ያወጣው ምርመራ፣ በስምምነቱ ውስጥ ያለው የመርሳት በሽታ ትርጉም ሐኪሞች በተለምዶ ከሚጠቀሙበት የጠበቀ መሆኑንና በዚህም ሳቢያ የታመሙ ሰዎች ያለ ካሳ መቅረታቸውን ዘርዝሯል።

6. ታሪኩ የሚያስቀረው ትምህርት

ስምምነቱ ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም። ካሳው ባይኖር ኖሮ በየቤቱ የወደቁ ብዙ ሰዎች ምንም ባላገኙ ነበር። ነገር ግን ከዌብስተር ፋይል እስከ ዘር ስሌቱ ድረስ አንድ መስመር ይታያል። በእያንዳንዱ ደረጃ ከፋዩ ጉዳት መኖሩን ጨርሶ ከመካድ ይልቅ መለኪያውን ማጥበብ ሲያዋጣው እናያለን። በአንዱ ጊዜ መለኪያው ቀን ነው፤ በሌላው ጊዜ የበሽታ ትርጉም ነው፤ በሌላው ደግሞ የቆዳ ቀለም። መለኪያው ሲሰፋ ደግሞ በራሱ አልሰፋም። አንድ ጠበቃ ፋይል ይዞ ስለጸና፣ አንድ ሐኪም ጤናማ የሚመስለውን አንጎል ስላስቆረጠ፣ አንዲት ዳኛ የቀረበላቸውን ትልቅ ቁጥር አይበቃም ስላሉ፣ ሚስቶች ፊርማ ስላሰባሰቡ ነው።

ጥያቄው የእኛም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ካሳ እንዲከፈልበት በአንቀጽ 2092 ይፈቅዳል። ይህ ቀስ እያለ ለሚከፋ የአንጎል ጉዳት በር የሚከፍት ድንጋጌ ነው። በሌላ በኩል አንቀጽ 2143 ተጎጂው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲከስ ያዛል። በመኪና ተገጭቶ ወይም ከሕንፃ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ፣ ቁስሉ ድኖ ከሆስፒታል የወጣ፣ ከዓመት በኋላ ግን መርሳትና መቆጣት የጀመረ ሰው የሁለት ዓመቱን ቆጠራ ከየት ይጀምር? ከወደቀበት ቀን ነው ወይስ ቤተሰቡ «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» ማለት ከጀመረበት? የዌብስተር ቦርድ የተከራከረበት ጥያቄ ይኸው ነው።

ለዚህ ነው በእንዲህ ያለ ጉዳይ ቤተሰብና ሐኪም ቀድመው መንቃት ያለባቸው። የመጀመሪያው ቀን የሕክምና ካርድ፣ የፖሊስ ሪፖርት፣ የጠባይ ለውጡ የታየበት ቀንና ሁኔታ በጽሑፍ መያዝ አለበት። ተጎጂው ሊያስታውሰው አይችልምና ሌላው ሊያስታውስለት ይገባል። የወጋውማ ከጥንትም ይረሳል፤ ተወጊውም ሲረሳ የቀረው ተስፋ የተጻፈው ነገር ነው።